ባለ ኮርቻው በጣቢያው ግቢ

ሊይዙኝ የመጡት ፖሊሶች ፊልሙ እስኪያልቅ ጠብቀውኛል። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ግን እውነት ነው። ከቆቦ ገበያ ጀርባ በነበረው ቪዲዮ ቤት፣ እንደ ልማዴ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ እየተረጎምኩ ነበር። በሩ ላይ የተሰቀለው ሸራ ተገለጠና የከሰዓቱ ፀሐይ ዘው አለ። ሰዉ «ዝጋው! ዝጋው!» ብሎ ጮኸ። ሁለት ፖሊሶች ናቸው። አንደኛው ወደ እኔ መራመድ ሲጀምር ረጅሙ ክንዱን ያዘውና «ትንሽ ነው የቀረው፣ ይጨርስ» አለው። ግድግዳው ሥር ቆመው እስከ መጨረሻው አዩ። መብራት ሲበራ ረጅሙ ፖሊስ ለሠርግ የጠራኝ ይመስል «በል እንግዲህ እንሂድ» አለኝ። ቴሌቪዥኑን፣ ማጫወቻ ዴኩንና ካሴቶቹን በጋሪ ጭነው ከኋላችን አስከተሉ።

ወደ ጣቢያው እስር ክፍል ስገባ ዓይኔ ከውጭው ብርሃን ስላልተላቀቀ ምንም አላየሁም። ቀድሞ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ የላብ፣ የሽንት ባልዲው፣ ያደረ የማሽላ እንጀራ ሽታ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቆቦን በግንቦት የሚያውቅ ሰው የቀረውን አይጠይቀኝም። ቀስ እያልኩ ሰው መለየት ጀመርኩ። በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ወንዶች ናቸው፣ አብዛኞቹ ሸሚዛቸውን አውልቀዋል። አንዱ «እንዴ! ተርጓሚው!» ብሎ ተነሳ። ወዲያው ቦታ ተለቀቀልኝ። ሌላው ሰው ሲገባ ከባልዲው አጠገብ ነው የሚጀምረው፤ እኔ ግን እንደ ሙሽራ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ዓይኔ በሩ ላይ ስለነበር ክብሩ አልታወቀኝም።

ሥራዬ ምን እንደነበር ላስረዳ። ያኔ ወደ እኛ የሚመጣው ፊልም ሁሉ በባዕድ ቋንቋ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ሰዎቹ የሚሉትን በአማርኛ ይናገራል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ ከአሥረኛ ክፍል የተረፈችው ናት። ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን ከተዋንያኑ ፊት አነባለሁ፣ የጎደለውን ከራሴ እሞላለሁ። ሰዉም ይህን ያውቃል፤ ቅር አይለውም። እንዲያውም ጣፋጩ እሱ ነበር። ፊልሙ የሩቅ አገር ሆኖ ሳለ ክፉው ሰው እንደ ጎብዬ ደላላ ይለፈልፋል፣ ጀግናው እንደ ራያ ሰው ይምላል። ጥንቅሽ እየላጠ የሚያኝከው ተመልካች ደግሞ ዝም ብሎ አያይም። ይመክራል፣ ይሳደባል፣ «ከኋላህ ነው!» ብሎ ያስጠነቅቃል። ፊልሙን የምንሠራው አብረን ነበር ማለት ይቻላል።

ከሁሉም የሚወደደው ባለ ኮርቻው ነው። በተከታታይ ክፍል የወጣ የጀብዱ ፊልም ነው። እኔ ሳልወለድ የተሠራ ይመስለኛል፤ ካሴቱም ከመደጋገሙ ብዛት የሥዕሉ ጠርዝ በረዶ ይዘንብበታል። አንድ ሰው በበረሃ ይጓዛል። በየክፍሉ አንድ የተደበቀ ነገር ይፈልጋል፤ አሸዋ የዋጠው ከተማ ደወል ይሁን፣ ከተራራ ጀርባ የተሰወረ ምንጭ። ገደል ይሻገራል፣ ከሽፍታ ያመልጣል፣ በመጨረሻ የፈለገውን ያገኛል። ወዲያው ደግሞ ያጣዋል፤ ወይ ይነጥቁታል፣ ወይ ራሱ ለተቸገረ ሰው ይተወዋል። ከእሱ የማይለየው አንድ ኮርቻ ብቻ ነው። ፈረስ የለውም። ኮርቻውን ግን በትከሻው ተሸክሞ ይዞራል፤ ሲዋጋም፣ ሲሸሽም፣ ገደል ሲወጣም።

አዲስ ፊልም ይመጣል። ካራቴው፣ ህንዱ፣ ከሄሊኮፕተር የሚተኮሰው። ጥቂት ሰሞን ይታይና ይረሳል። ባለ ኮርቻው ግን በገበያ ቀን ማስታወቂያው ሲለጠፍ ቤቱ ጢም ይላል። ከአፋር ግመል ነድቶ የመጣውም፣ ማሽላውን ሸጦ የሚመለሰውም ይገባል፤ ልቅም አድርጎ የሚያውቀውን ታሪክ እንደገና ሊያይ። ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ሰውዬው መልከ መልካም አይደለም፤ ጉልበተኛም አይደለም፣ እንዲያውም በየክፍሉ አሳምረው ይደበድቡታል። ይመስለኛል ሁሉን ነገር አጥቶ አንዷን ነገር የማይሰጥ ሰው ማየት ነው ደስ የሚለን። የማትረባ ነገር መሆኗ ደግሞ ይብሱን አስወደደው።

ታዲያ ወደ ቆቦ መጀመሪያ የደረሰው ክፍል ሁለት ነበር። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ደሴ ላይ ያገኘውን ካሴት ገዝቶ መጣ፤ ከእሱ በፊት ሌላ ክፍል መኖሩን ማን ነግሮት? ስለዚህ እኛ ከሰውዬው ጋር ስንተዋወቅ ኮርቻውን አስቀድሞ ተሸክሞታል። ለምን እንደተሸከመው የሚነግረን የለም። አንድ ቦታ ላይ የውሃ ጉድጓድ ጠባቂ እጁን ወደ ኮርቻው ዘርግቶ የሆነ ነገር ይለዋል፤ አውርደህ እረፍ ማለቱ ነው። ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ መንገዱን ይቀጥላል። በመጀመሪያው ቀን እዚህ ላይ ስንደርስ ሰዉ «ለምን አያወርደውም?» ብሎ አፋጠጠኝ። እኔ ምኑን አውቄ! ዝም ስል ከጨለማው፣ ከኋላ ወንበር፣ አንድ ድምፅ «መሬቱን ቀምተውት ነዋ! ዳኛ እስኪያገኝ አያወርደውም በላቸው!» አለ።

አልኳቸው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሏ በትርጉሜ ውስጥ ቀረች፤ እኔ «ለምን አያወርደውም?» እላለሁ፣ ሰዉ በአንድ አፍ «ዳኛ እስኪያገኝ!» ይላል። ከወራት በኋላ ክፍል አንድ መጣና ፈረሱ በውሃ ጥም ሲሞት አየን። መሬትም፣ ቀማኛም፣ ዳኛም የለበትም። እንዳለ ብተረጉምላቸው ተቆጡኝ። «ይሄን ተወውና የኛን ንገረን» አሉ። እኔም የኛን ነገርኳቸው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ቃሏ ከቪዲዮ ቤት ወጥታ ገበያ ገባች። ሸክምህን አሳርፍ የተባለ ሰው «ዳኛ ሳላገኝ አላወርድም» ይልና ይሳቃል። ወፍጮ ቤት ወረፋዋን የተቀማች ሴት ትለዋለች። በምርጫው ሰሞን ግን ቀልድነቱ ቀረ። በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ የመሬት ጥያቄ ያነሱ ገበሬዎች «ነገሩ አልቋል፣ ወደየቤታችሁ ግቡ» ሲባሉ «ኮርቻችንን አናወርድም» ብለው ከተቀመጡበት አልነሳም አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ያ የእስር ክፍል በእነሱ ተሞላ። ቃሉ ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ እኔ ጋ ተደረሰ።

መርማሪው ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። አልመታኝም። ወንበር ሰጠኝ።

«ይቺን ቃል ማን ሰጠህ?» አለኝ።

«ማንም አልሰጠኝም ጌታዬ። ከኋላ የመጣ ድምፅ ነው።»

«የማን ድምፅ?»

«ቤቱ ጨለማ ነው። አላውቅም።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እነዚህ ገበሬዎች ተከትለው የጮሁ ናቸው፤ ቆይተው ይፈታሉ። እኔ የምፈልገው አስቦ የሰጣችሁን ሰው ነው። እሱ እዚህ አይቀርም፤ ርቆ ነው የሚሄደው። እሱን ንገረኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ። ሚስትህ በር ላይ ቆማ አይቻታለሁ። ነፍሰ ጡር ናት፣ አይደል?»

ነበረች። የመጀመሪያ ልጃችን ነው። ስንቅ ስታቀብለኝ በበሩ ክፍተት የማየው እጇን ብቻ ነበር፤ ጣቶቿ አብጠው ቀለበቷን አውልቃለች። ያን ቀን ድምፁ የማን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ምን እንደማደርግ እርግጠኛ አይደለሁም። አለማወቄን እንደ በረከት ቆጥሬ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

በረከቱ ግን እስከ ማግስቱ ብቻ ቆየ። ከታሰሩት ገበሬዎች መካከል ከዋጃ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም አባባ ነበር የምንላቸው። ሽርጥ ያገለድማሉ፤ ጢማቸው ነጭ ነው፤ መቁጠሪያቸውን በር ላይ ስለወሰዱባቸው በጣታቸው አንጓ ይቆጥራሉ። በማለዳ፣ ውሃ ስለማይበቃ በአፈር ተየሙም አድርገው ከሰገዱ በኋላ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ምን ጠየቀህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«አላውቅም አልከው?»

«አላውቅማ፣ አባባ!»

ጢማቸውን ዳሰሱ። «እኔ ነኝ» አሉ፣ ሰዓት ጠይቄያቸው የነገሩኝ ይመስል። «ገበያ ውዬ ነው የገባሁት። አዲስ ፊልም መጣ ብለው ጎረምሶቹ ሲያወሩ ሰምቼ። ዝም ብለህ ስትቆም አሳዘንከኝና ተናገርኩልህ።»

ከዚያች ደቂቃ በፊት አላውቅም ማለቴ እውነት ነበር። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ውሸት ሆነ።

«ለምን ነገሩኝ?» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር፤ አልደብቅም።

«ንገረው ብዬ ነዋ። ሚስትህ ደርሳለች። እኔ ወልጄ ከብጄ ጨርሻለሁ። ወላሂ፣ አልቀየምህም።»

«ማሳዎትስ?»

ወደ መስኮቱ ቀና አሉ። የራያን ቆላ የሚያርስ ሰው የሚኖረው ከሰማይ ዝናብ ይልቅ ከዞብል ተራራ በሚወርደው ጎርፍ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ቦዩ ይጠረጋል፣ ጎርፉ ከወንዙ ይጠለፋል፣ ማሳው ጠግቦ ይጠጣል። ቦዩን ያልጠረገ ሰው ጎርፉ በደጁ ሲያልፍ ቆሞ ያያል። አባባ በየቀኑ ከመስኮቱ ሥር ቆመው የተራራውን ደመና የሚጠይቁት ለዚህ ነበር፤ እኔ ቁመቴ ስለሚደርስ አይቼ እነግራቸዋለሁ። ወንዶች ልጆቻቸው ለሥራ ጅቡቲ ተሻግረዋል። ቤት ያሉት ሴቶች ናቸው። «እሱን አላህ ያውቃል» አሉና ነገሩን ዘጉት።

መርማሪው በየጊዜው ያስጠራኛል። ያው ጥያቄ ነው። እኔም ያው መልስ። ከቢሮው በር አጠገብ መስኮት አለ፤ በእሱ በኩል የግቢው በርና ስንቅ ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ይታያሉ። ወንበሩን ሆን ብሎ እዚያ ያስቀመጠው ይመስለኛል። አንድ ቃል ብናገር ከእሷ ጋር ተያይዘን ወደ ቤት እንሄዳለን። ይህን አስቤ አላውቅም ብል ውሸታም ነኝ። ስመለስ አባባ ፊቴን አይተው «አልነገርከውም?» ይላሉ። «አልነገርኩትም» እላለሁ። «ግትር ነህ» ይላሉ። ከዚያ ሙቀቱ እንዲያልፍ ፊልሙን አምጣ እባላለሁ፤ ያለ ቴሌቪዥን፣ በአፌ። ክፍል አንድን፣ ሁለትን፣ ሦስትን ነገርኳቸው። ጉድጓዱ ጋ ስደርስ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዳኛ እስኪያገኝ» ይላል። አባባ ብቻ አይሉም፤ ፈገግ ብለው መሬት ያያሉ።

«አራተኛው ላይ ያወርደዋል?» አሉኝ አንድ ቀን።

«አራተኛ ክፍል አለው ይባላል፤ እኛ ጋ ግን አልደረሰም፣ አባባ።»

«ሲደርስ ትነግረኛለህ።»

«ኢንሻ አላህ» አልኳቸው፣ እኔ ክርስቲያኑ። ሳቁብኝ።

አንድ ከሰዓት በሩ ተከፈተና ሁላችንም ወደ ግቢው እንድንወጣ ታዘዝን። በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ወጥቶ የቪዲዮ ቤታችን ቴሌቪዥን ተቀምጧል፤ ብርሃን እንዳይጋርደው በብርድ ልብስ ከልለውታል። መርማሪው ነገሩን በገዛ ዓይኑ ሊያይ ወስኗል። ቃሉ ከፊልሙ ከሆነ የውጭ አገር ሰዎች ነገር ነው፤ ከፊልሙ ካልሆነ የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ለእኔም የሰጠኝ ሰው አለ። እኛ መሬት ላይ ተደረደርን፤ ፖሊሶቹ ከኋላችን ቆሙ። ያ ሊይዘኝ የመጣው ረጅሙ ፖሊስ ጠመንጃውን እንደ ምርኩዝ ይዞ ከፊት ለፊት ጥሩ ቦታ መርጧል። መርማሪው «ቃል በቃል። አንድም እንዳትጨምር፣ አንድም እንዳትቀንስ» አለኝ። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆምኩ።

ክፍል ሁለት ጀመረ። እንደታዘዝኩት ጨው የሌለው ትርጉም ተረጎምኩ። «ደህና ዋልክ። ደህና። ወዴት ትሄዳለህ? ወደ ሰሜን።» ሰዉ መጀመሪያ ላይ እንደ እስረኛ ነበር የሚያየው፤ አንገቱን ደፍቶ። ሽፍቶቹ ሲመጡ ግን አንገቶች ቀና ቀና አሉ። ባለ ኮርቻው ገደሉን በኮርቻው ማሰሪያ ተንጠልጥሎ ሲሻገር ከኋላ አንዱ ፖሊስ «ያዝ! ያዝ!» ሲል ሰማሁ። ስንቅ ያመጡት ሴቶች ከበሩ ክፍተት ተደራርበው ያያሉ፤ የሚከለክላቸው ጠፋ። ለተወሰነ ጊዜ እዚያ ግቢ ውስጥ እስረኛና ፖሊስ አልነበረም፤ ባለ ኮርቻውን የሚያይ ሰው ብቻ ነበር። መርማሪው ራሱ ወንበሩን ትንሽ ወደፊት ሳበ።

ጉድጓዱ ጋ ደረስን። ጠባቂው እጁን ዘረጋ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

«ምን አለ?» አለ መርማሪው።

«ምንም አላለም፣ ጌታዬ።»

«ወደ ኋላ መልሰው።»

ተመለሰ። ጠባቂው እጁን ዘረጋ፤ ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። መርማሪው ጆሮውን ወደ ድምፅ ማውጫው አስጠጋ። ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማው። እንደገና አስመለሰው፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«እሺ። እሱ ምንም አላለም። አንተስ እዚህ ላይ ምን ትላለህ? ሕዝቡ ፊት እንደምትለው በል።»

አባባን አየኋቸው። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፤ ሽማግሌ ሰው ሊነሳ ሲል እንደሚያደርገው። ሊነሱ ነው። ተነስተው እኔ ነኝ ሊሉ ነው። ከመነሳታቸው በፊት አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ የመጣልኝ ደግሞ የለመድኩት ብቻ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቪዲዮ ቤት እንደምለው፣ «ለምን አያወርደውም?» አልኩ።

«ዳኛ እስኪያገኝ!»

የመለሰው ረጅሙ ፖሊስ ነው። ጠመንጃውን እንደተመረኮዘ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣ በደረቱ ሙሉ ድምፅ። ከእሱ ጋር ሌሎች ፖሊሶች፣ ከእነሱ ጋር እኛ፣ ከበሩ ውጭ ደግሞ ሴቶቹ። በሴቶቹ መካከል የሚስቴን ድምፅ ለየሁት። ከዚያ ሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ የጀመረው ከየት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

መርማሪው ወደ ረጅሙ ፖሊስ ዞረ። «አንተ ይሄን ከማን ሰማህ?»

ፖሊሱ ምን እንዳደረገ አሁን ነው የገባው። ቀጥ ብሎ ቆመ። «እኔ? ከ… ከቆቦ ነዋ፣ ጌታዬ።»

መርማሪው ቴሌቪዥኑን በእጁ አጠፋው። አልተቆጣም፤ የደከመ ሰው ይመስል ነበር። ወደ ቢሮው አስገብቶኝ ለመጨረሻ ጊዜ «ድምፁ የማን ነው?» አለኝ። «አሁን ሰምተውታል፣ ጌታዬ» አልኩት። «እኔም እንዲሁ ነው የሰማሁት።» መስኮቱን ሲያይ ቆይቶ ሂድ አለኝ። ከዚያ በኋላ አላስጠራኝም።

አልተፈታንም ግን። ክሱ ተነሳ ያለን የለም፤ አልተነሳም ያለንም የለም። የተራራው ደመና መጥቆር ጀመረ፤ አባባ መጠየቃቸውን ተዉ። እኔም መንገሩን ተውኩ። አንድ ጠዋት «ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ» ተባልን። ወደ ቤት ይሁን ወደ ባሰ ቦታ የነገረን የለም። ግቢው ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። አንድ የማናውቀው ፖሊስ «ዕቃችሁን አውርዱና ቁጢጥ በሉ!» አለ። ሁላችንም ተቀመጥን። አባባ ብቻ ቆመው ቀሩ። የተጠቀለለ ብርድ ልብሳቸው በትከሻቸው ላይ ነው።

«አውርዱትና ቁጭ በሉ እንጂ!» አላቸው።

«አልከበደኝም፣ ልጄ» አሉት። ድምፃቸው ውስጥ ፉክክር የለበትም። «እንዲሁ ልቁም።»

ፀሐዩ እየበረታ ሄደ። ላቡ በጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ ብርድ ልብሱ ከትከሻቸው አልተነቃነቀም። ትንሽ ቆይቼ እኔም ተነሳሁ፤ ማዳበሪያ ጆንያዬን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። ቀጥሎ ሌላው ተነሳ። ማንም ማንንም አላየም። ስለ ፊልሙ አንድም ቃል የተናገረ የለም። ብዙም ሳይቆይ ሁላችንም ጭነታችንን በትከሻችን አድርገን ቆመን ነበር። ያ የማናውቀው ፖሊስ ግራ ተጋብቶ ወደ ረጅሙ ፖሊስ ዞረ፤ ረጅሙ ፖሊስ ወደ ተራራው ያይ ነበር። መርማሪው በረንዳው ላይ ወጥቶ አየን። የመኪናውን ሾፌር በእጁ ጠርቶ ተመልሶ ገባ። ቀትር ላይ መኪናው ባዶውን ሄደ፤ የግቢው በር ለእኛ ተከፈተ። አባባ በሩን ሲያልፉ «አብሽር፣ አይዞህ» አሉኝና፣ ሚስቴን ሰላም ሳይሉ እንኳ፣ በቀጥታ ወደ ዋጃ መንገድ ፈጠኑ። ጎርፉ ሳይቀድማቸው ደረሱ።

ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ ሞባይል መጠገኛ ሆኗል። እኔም ሌላ እንጀራ ይዣለሁ። ያኔ በሆድ የነበረችው ልጄ አድጋ፣ ከትምህርት ቤት ያገኘችው እንግሊዝኛ ከእኔ የተሻለ ነው። ስለ ባለ ኮርቻው ስነግራት ነው ያደገችው፤ ባለፈው ክረምት አራተኛውን ክፍል ፈልጋ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ከማንም ጋር ከማየቴ በፊት በባጃጅ ወደ ዋጃ ሄድኩ።

አባባ በሕይወት አሉ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ከደጃቸው ካለው ጥላ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ስልኩን እኔ እያየሁ እሳቸው ያዳምጣሉ። ሰውዬው አርጅቷል። እንደ ድሮው ይደበድቡታል፣ እንደ ድሮው ያመልጣል። አባባ በየቦታው «ሃይ!» ይላሉ። መጨረሻው ተቃረበ።

«አሁን የት ነው?» አሉ።

«ያ ጉድጓድ ጋ ተመልሷል። ጠባቂው የለም። ውሃውም ደርቋል።»

«እሺ።»

«አወረደው፣ አባባ።»

ምርኩዛቸውን ጨበጡ። «ዳኛ አገኘ?»

ስልኩን አየሁት። እንደ ድሮው ከኋላ አንድ ድምፅ በደረሰልኝ አልኩ በልቤ። ላታልላቸው አልፈለግኩም። «አላገኘም» አልኳቸው። «ማንም የለም። መሬት ላይ አስቀምጦት ተቀመጠበት። ሩቅ ሩቅ ያያል። አለቀ።»

አንገታቸውን ደፉ። ያሳዘንኳቸው መሰለኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነው።

«ጣለው አላልከኝም እኮ!» አሉ። «ተቀመጠበት ነው ያልከኝ። ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው በላቸው!»

በላቸው አሉ፤ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም።

ማታ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዘን ከልጄና ከሚስቴ ጋር አየነው። ልጄ ትርጉም አያስፈልጋትም፤ እኔ ግን ከልማድ ተነስቼ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆምኩ። ሰውዬው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ሩቅ ሲያይ «ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው» አልኩ።

«አባዬ፣ ምንም አላለም እኮ!» አለች ልጄ።

ሚስቴ ከኋላ ወንበር «ብሏል» አለቻት። «ዝም ብለሽ ስሚ።»